ማጠር ማልማት አይደለም!



ዛሬ ስለ ምርጫም ስለ ሹመትም አላወራችሁም። ስለ ቆርቆሮ አጥር ነው የማወራችሁ። ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ትንሽ መሆን አለመሆኑን እናንተው ፍረዱ።

አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የምትኖሩ ወይም በባጃጅ የምታልፉበት፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከቤታችሁ ወጥታችሁ አስፋልት እስክትደርሱ ስንት የታጠረ ባዶ ቦታ ታያላችሁ? ስንት ጅምር ሕንፃስ? ኮለኑ ቆሟል፣ ሶሌታው ተሞልቷል፣ ከላይ የተረፈው ፌሮ ዝጎ ወደ ሰማይ ተቀስሯል። በርና መስኮት የለውም፣ ደረጃው መደገፊያ የለውም። ሰው የለበትም እንዳትሉ ማታ ማታ ሰው አለበት፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቃል።

"የማን ነው?" ብላችሁ ጎረቤቱን ጠይቁ። አንዱ "የሆነ ሰውዬ ነው፤ ውጭ ነው ያለው አሉ" ይላችኋል። ሌላው "ባንክ ይዞታል አሉ" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "በውርስ ተጣልተው ፍርድ ቤት ናቸው አሉ" ይላል። አሉ፣ አሉ፣ አሉ! በከተማችን ውስጥ ከሁሉም የተወደደው ሀብት መሬት ነው፤ የዚህ ሀብት ባለቤት ግን "አሉ" የሚባል ሰው ሆኗል።

ጉዳቱስ የማን ነው? የእኛው ነው። ለመሠረት ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ ክረምት ሲገባ ኩሬ ይሆናል። ሕፃን ይገባበታል፣ ትንኝ ይራባበታል። የእኛ ከተማ ወባን የማታውቅ ከተማ አይደለችም። ከአጥሩ ሥር ቆሻሻ ይጣላል፤ አንዱ ሲጥል ያየ ሌላውም ይጥላል፤ በዓመቱ ቦታው የሰፈሩ ቆሻሻ መጣያ ሆኖ ይገኛል። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ ጨርሰው በጨለማ የሚመለሱ እህቶቻችን በዚያ አጥር ጥግ ሲያልፉ እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። ለምን እንደሚያፈጥኑ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

አሁን "ታዲያ ንብረቱ የግሉ አይደል? ቢፈልግ ያጥረዋል፣ ቢፈልግ ይተወዋል፤ አንተን ምን አገባህ?" የሚለኝ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንመልሰው።

በመጀመሪያ መሬቱ የማን ነው? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። ይህን አንቀጽ የሚወደውም የሚጠላውም አለ፤ ክርክሩ ለሌላ ቀን ይቆይ። ሕጉ ግን ይህ ነው። ስለዚህ በሊዝ ቦታ የወሰደ ሰው የገዛው መሬቱን ሳይሆን የመጠቀም መብቱን ነው። መብቱ ጊዜ አለው፤ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ነው። መብቱ ግዴታም አለው። በ2004 ዓ.ም. የወጣውን የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721ን አንብቡት። ቦታ የወሰደ ሰው ቢያንስ ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ 10 በመቶውን አስቀድሞ ይከፍላል። ከዚያ መገንባት አለበት፤ አነስተኛ ግንባታ እስከ 24 ወር፣ መካከለኛ እስከ 36 ወር፣ ከፍተኛ እስከ 48 ወር ድረስ መጠናቀቅ አለበት። ጊዜው ሊራዘም ይችላል፤ መራዘሙም ግን ገደብ አለው። በተባለው ጊዜ ለተባለው ዓላማ ያላዋለ ሰው ውሉ ይቋረጣል። ይህ የእኔ ምኞት ሳይሆን በነጋሪት ጋዜጣ የታተመ ሕግ ነው።

እንግዲህ ከፍተኛ የሚባለው ግንባታ 48 ወር ማለትም አራት ዓመት ከተሰጠው፣ አንደኛ ክፍል ስገባ የታጠረ ቦታ ተመርቄ ስወጣም ያው ታጥሮ የሚጠብቀኝ በየትኛው የሒሳብ ስሌት ነው?

ሁለተኛ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። ጅምር ሕንፃዎች ለምን አጥንታቸው ብቻ ቆሞ እንደሚቀር አስባችሁ ታውቃላችሁ? የሊዝ አዋጁ ቦታውን ሳይገነባ ወይም ግማሽ ሳያደርስ ለሌላ ማስተላለፍ የሚፈልግን ሰው ይገድባል፤ ከሽያጩ የሚገኘውን ትርፍ ዝም ብሎ ኪሱ እንዲከት አይፈቅድለትም። ዓላማው ጥሩ ነው፤ መሬት እያገላበጡ መነገድን ለማስቀረት ነው። ነገር ግን ለፎቅ ቤት "ግማሽ ግንባታ" ተብሎ የተተረጎመው መሠረቱ ወጥቶ ከወለሎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኮለናቸውና ሶሌታቸው ሲጠናቀቅ ነው። ግድግዳ አይጠየቅም፣ መስኮት አይጠየቅም፣ ሰው ይግባበት አይባልም። ነጋዴው ደግሞ ሞኝ አይደለም። አጥንቱን ያቆማል፤ ከዚያ ዋጋ እስኪወጣለት ይጠብቃል። እኔ እንደማየው በከተማችን ከቆሙት የሲሚንቶ አጽሞች አንዳንዶቹ ያልተጨረሱ ሕንፃዎች አይደሉም። ባለቤታቸው የፈለገውን ያህል ተሠርተው ያለቁ ናቸው። ለመኖሪያ ሳይሆን ለሽያጭ ነው የተሠሩት።

ሀዋሳ እኮ እንዲህ እንድትሆን የተቆረቆረች ከተማ አልነበረችም። በ1952 ዓ.ም. በራስ መንገሻ ሥዩም ስትመሠረት ከሐይቁ ዳር በፕላን የተዘረጋች ከተማ ነበረች። ሰፊው መንገዷና የዛፍ ጥላዋ ዛሬም እንግዳ ሲመጣ የምንኮራበት ነው። ከተማችን ያደገችው በመሥራት ነው፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ሴራሚኩ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ። ከኅዳር 2012ቱ ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ደግሞ የሲዳማ ክልል መዲና ሆናለች። መዲና መሆን ክብር ነው። ክብሩ ግን በሰሌዳ ላይ በተጻፈ ስም ብቻ አይጠበቅም። "አዲስ ከተማ" ብለን የሰየምነው ክፍለ ከተማ ሳይጨረስ ካረጀ ስሙ ራሱ ይታዘበናል።

አሁን ደግሞ ወደ ኪሳችን እንምጣ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ የምፈልግ ሰው ነኝ። ሲቪ ማስገባት የሰለቸን ጥቂት ጓደኛሞች ተደራጅተን አነስተኛ የእንጨትና የብረት ሥራ ልንጀምር አስበን ነበር። አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ፎርም ሞላን፣ ማህተም አስመታን፣ ሥልጠና ወሰድን። በመጨረሻ ምን ተባልን? "መሥሪያ ቦታ የለም። ሲገኝ እንጠራችኋለን።" ያን ቀን ወደ ሰፈር የተመለስነው በእግር ነው፤ መንገዱን በሙሉ ከጎናችን የቆርቆሮ አጥር ነበር። ቦታ የለም! በአንድ ከተማ ውስጥ "ቦታ የለም" የሚባል ወጣትና ቦታው ባዶ የሚያድር ባለ ካርታ እኩል ካሉ፣ የጠፋው መሬት አይደለም፤ የጠፋው ጠያቂ ነው።

የፓርኩን ሠራተኞች አስቧቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣ አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር እንደነበረ ጽፏል። በዚያ ደመወዝ ቤት ተከራዩ ተባሉ። አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ ተኙ። ከዚያች ክፍል አጠገብ ደግሞ ሙሉ ፎቅ ባዶውን ቆሟል። ይሄ ሰው የሌለበት ቤትና ቤት የሌለው ሰው ጎን ለጎን የሚያድሩበት ሰፈር ነው።

አሁን ግን ረጋ እንበል። ቁጣ ጥሩ ነው፣ ፍርድ ግን ይበልጣል። አጥር ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። እኔ በሦስት እከፍላቸዋለሁ።

አንደኛው ያልቻለ ነው። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። ብድር ጀምሮ መሐል ላይ የቆመበት ሰው አለ። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ ብር በገበያ እንዲመራ ተደረገ፤ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ። የብረቱና የሴራሚኩ ዋጋ የት እንደደረሰ ግንባታ የጀመረ ሰው ይንገራችሁ። ጡረታዋን አጠራቅማ ሁለት ክፍል ቤት ጀምራ ጣሪያው ላይ ገንዘብ ያለቀባት እናትም "ግንባታ ያላጠናቀቀች" ናት። እሷን ከመሬት ነጋዴው ጋር በአንድ መዝገብ ጽፎ በአንድ ደብዳቤ ማስፈራራት ግፍ ነው።

ሁለተኛው የተከራከረ ነው። ወንድምና እህት በውርስ ተካሰው፣ ባልና ሚስት ተፋተው፣ ባንክ ለሐራጅ ይዞት፣ ፋይሉ ከችሎት ችሎት የሚዞር ቤት አለ። ይህ በቅጣት አይፈታም፤ ፍርድ ቤት ሲፈጥን ነው የሚፈታው።

ሦስተኛው ያልፈለገ ነው። ገንዘብ አለው፣ ፈቃድ አለው፣ ክርክር የለበትም። ዝም ብሎ የተቀመጠው መሬቱ ተኝቶ ስለሚወልድለት ነው። ከተማው መንገድ ሲሠራለት ዋጋው ይጨምራል፣ መብራት ሲገባለት ይጨምራል፣ ጎረቤቱ ሲለማ ይጨምራል። እኛ በግብራችን እናለማለታለን፣ እሱ ቆርቆሮ ያቆማል። ጥያቄያችን ከእዚህ ሰው ጋር ነው።

ቆይ ግን፣ አራተኛም አለ። ስሙን ለመጥራት ሁላችንም የምንፈራው ባለቤት መንግሥት ራሱ ነው።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት በቀበሌ ሥር ገቡ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች ሥር ሆኑ። ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። እነዚያ የቀበሌ ቤቶች ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ናቸው? ጣሪያው ያፈሳል፣ ጭቃው ተራግፏል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ልጠግን ቢል "ያለ ፈቃድ አትነካካ" ይባላል። ፈቃድ ሲጠይቅ ደግሞ ፈቃጁ ስብሰባ ላይ ነው። አከራይ ሆኖ የማይጠግን፣ ተከራዩንም የማያስጠግን ባለቤት ቸልተኛ ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለ ዕዳ አይቀበለውም። መንግሥት የራሱን ቤት እያፈረሰ የእኔን ጎረቤት "አልማ" ቢለው ማን ይሰማዋል?

ለልማት ተብሎ ሰው የተነሣበትና ከዚያ ታጥሮ የተተወ ቦታም እንዲሁ ነው። የኮሪደር ልማቱ ወደ ሀዋሳም መጥቷል፤ የሚያምር ሥራ ሲሠራ እሰየው እንላለን። ነገር ግን ደሃው ለልማት ሲነሣ የሚሰጠው ቀነ ገደብ እንደሚከበር ሁሉ፣ የተነሣበት ቦታ የሚለማበት ቀነ ገደብም ይከበር። ቀን መቁጠር ለደሃው ብቻ መሆን የለበትም።

"ይሄ ሁሉ ወሬ ነው፤ ማን ባለሀብትን ይነካል?" የምትሉ አላችሁ። ተነክቶ ያውቃል እኮ! አዲስ አበባን እዩ። በ2011 ዓ.ም. በኢንጂነር ታከለ ኡማ የከንቲባነት ዘመን የከተማው አስተዳደር ለረጅም ዓመታት ታጥረው የቆዩ ቦታዎችን ነጠቀ። ከነዚህ መካከል በሚድሮክ ስም ፒያሳ ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ታጥሮ የቆየው ቦታ ይገኝበታል። እዚያው ፒያሳ ላይ ዛሬ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ቆሟል፤ የካቲት 2016 ተመርቋል። የአጥሩ ዘመን ረጅም ነበር፤ ሲወሰን ግን ለማጠናቀቅ ያን ያህል ዓመት አልፈጀም። ስለዚህ "አይቻልም" የሚለው ቃል ከዚህ በኋላ አይሠራም። የሚቀረው "እንፈልጋለን ወይስ አንፈልግም?" የሚለው ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባው ታሪክ የምንወስደው ሌላም ትምህርት አለ። መንጠቁ የሥራው ግማሽ ነው። ዋናው ጥያቄ የተነጠቀው ቦታ ለማን ሄደ የሚለው ነው። ከአንዱ ተወስዶ ለሌላ ዘመድ ከተሰጠ አጥር ቀየርን እንጂ አላለማንም። አሮጌው ቆርቆሮ ወልቆ አዲስ ቆርቆሮ ይተካል፤ ምናልባት ቀለሙ ያምር ይሆናል።

ዓለምስ ምን ያደርጋል? የካናዳዋ ቫንኩቨር ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ በዓመት ውስጥ ከስድስት ወር በላይ ባዶ በሚያድር ቤት ላይ የተለየ ግብር ጣለች። በቤቱ ግምት 1 በመቶ ጀምራ ኋላ ወደ 3 በመቶ አሳደገችው። ቤቱን ለሰው ያከራየ አይከፍልም፤ ባዶውን የዘጋ ይከፍላል። በጃፓን ደግሞ ባዶ ቤት ከዘጠኝ ሚሊዮን ደርሷል። እዚያ ቤት ያለበት ቦታ የመሬት ግብር ቅናሽ አለው። ከ2015 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ግን ቤቱን ለጎረቤት አደጋ እስኪሆን የተወ ሰው ቅናሹን ያጣል። ሁለቱም አገሮች የባለቤትነትን መብት አልሰረዙም። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ ንብረትን ባዶ ማስቀመጥ ነፃ እንዳይሆን፣ ዋጋ እንዲያስከፍል አደረጉ።

እኛም ዕድሉ በእጃችን ነው። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ወጥቷል። ሁሉም የሚያወራው "ስንት እንከፍላለን?" ብሎ ነው። እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ማን ይበልጥ ይከፍላል? ልጆቿን በምታሳድግበት ቤት የምትኖር እናትና መሬት አጥሮ ዋጋ የሚጠብቅ ሰው በአንድ ሚዛን ከተመዘኑ ታክሱ የሚያስለቅሰው እናትየዋን ነው። ሰው የሚኖርበት ቤት ይቅለለው፣ ባዶ የታጠረው ይክበደው። የከተማችን ምክር ቤት ይህን ለመጠየቅ የኛን ድምፅ መስማት አለበት።

አሁን ወደ እኛ ወደ ወጣቶቹ። ይህን ክፍል በደንብ አንብቡልኝ።

ይህን ጽሑፍ ሳወጣ ምን ዓይነት ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። "የእነ እገሌ ነው"፣ "የዚያ ብሔር ነው"፣ "ከዚያ የመጣ ነው"። ወገኔ፣ እዚህ ላይ ቁም! ካርታ ላይ የተጻፈው ስም የማን ዘር እንደሆነ ለመሬቱ ለውጥ አያመጣም። ቆርቆሮ ዘር የለውም። የእኛው ሰው ያጠረው ቦታ ለትንኝ የተለየ ምቹ አይደለም፤ የሌላው ሰው ያጠረውም የተለየ አይገማም። ያለማን፣ ቤተሰብ ያኖረን፣ ሰው የቀጠረን ሰው ከየትም ይምጣ ጎረቤታችን ነው። አጥሮ የተኛ ደግሞ የአጎቴ ልጅም ቢሆን ይጠየቅ። ሚዛናችን "የማን ልጅ ነው?" ከሆነ ነገ ሌባው የራሳችንን ስም ለብሶ ይመጣና እያጨበጨብን እናሳልፈዋለን።

ድንጋይም አንወረውርም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ይህች ከተማ ምን እንዳየች ማስታወስ አያስፈልገኝም። የተቃጠለ ቤት ማንንም አላኖረም፣ የተሰበረ መስታወት ለማንም ሥራ አልፈጠረም። አጥር በእጃችን አናፈርስም። አጥር የሚፈርሰው በወረቀት ነው፤ በዝርዝር፣ በቀነ ገደብ፣ በፊርማ።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? አምስት ነገር።

1. ዝርዝሩ ይለጠፍ። በሀዋሳ በየክፍለ ከተማው ያሉ የታጠሩ ቦታዎችና ጅምር ሕንፃዎች፣ መቼ እንደተሰጡ፣ ለምን ዓላማ እንደተሰጡ፣ መቼ መጠናቀቅ እንደነበረባቸው በማስታወቂያ ሰሌዳና በከተማው ገጽ ላይ ይውጣ። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ከወጣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ይዞታ እየተመዘገበ ነው። መዝገብ ካለ ዝርዝር አለ።

2. ሦስቱ ይለዩ። ላልቻለው አዲስ የጊዜ ሰሌዳና ድጋፍ፣ ለተከራከረው ፈጣን ፍርድ፣ ላልፈለገው ሕጉ እንደተጻፈው።

3. መንግሥት ከራሱ ይጀምር። የቀበሌ ቤቶች ይጠገኑ፤ ካልሆነም ተከራዩ እንዲጠግን በቀላሉ ይፈቀድለት። በመንግሥት ስም የታጠረ ቦታም በዝርዝሩ ውስጥ ይግባ፤ እንዲያውም አንደኛው ረድፍ ላይ።

4. የተመለሰው ቦታ ወዴት እንደሄደ ይነገረን። ጨረታ ከሆነ ውጤቱ ይለጠፍ። ከዚያ ላይ የተወሰነው ለተደራጁ ወጣቶች መሥሪያ ቦታ፣ የተወሰነው ለፓርኩ ሠራተኞች መኖሪያ ይሁን።

5. እስከዚያው ድረስ ሰው አይሙት። ጉድጓዱ ይሸፈን፣ ክፍት ፎቁ ይዘጋ፣ ጥጉ መብራት ያግኝ፣ ቆሻሻው ይነሣ። ባለቤቱ ካላደረገው ማዘጋጃ ቤቱ ያድርገውና ሒሳቡን ለባለቤቱ ይላክለት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አደገኛ ሕንፃ ላይ ባለቤቱን የማዘዝ ሥልጣን ለሕንፃ ሹም የሰጠው ለጌጥ አይደለም።

"እሺ፣ እኔ ምን ላድርግ?" ካላችሁ፣ ይኸው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ለምን እንደፈለጋችሁት የማስረዳት ግዴታ የለባችሁም። እምቢ ከተባላችሁ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። "በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የግንባታ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ቦታዎች ዝርዝር ይሰጠኝ" በሉ። በእጃችሁም ቢሆን ጻፉት። ሁለት ቅጂ አድርጉት፤ አንዱን አስገቡ፣ ሌላኛው ላይ "ደርሷል" አስብላችሁ ማህተም አስመቱ። የአንድ ሰው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይረሳል። የመቶ ሰው ደብዳቤ መሳቢያ አይበቃውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው?

ሥራ አጥ ነን ብለን ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ከምንውል አንድ ጠዋት ለዚህ እንስጥ። ዲግሪያችን ሥራ ባያስገኝልንም ደብዳቤ መጻፍ አስተምሮናል።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። የዚህ መሬት ባለቤት ሕዝብ ነው ከተባለ ባለቤቱ እኛ ነን። እንግዲያው እንጩህ፤ በሕግ፣ በወረቀት፣ በአንድ ድምፅ።

ያጠረ አላለማም። ያላለማ ይጠየቅ። መንግሥትም ቢሆን!

አንብባችሁ ስትጨርሱ ሼር አድርጉት፤ ደብዳቤውን ያስገባችሁ ደግሞ "ደርሷል" የተባለበትን ቅጂ ፎቶ አንስታችሁ እዚሁ ለጥፉት። 30ውን ቀን አብረን እንቆጥራለን።